ይሄ ሁሉ ኢንዴክስ ለጨርቅ ሱቅ ምን ያረጋል?

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ አዘጋጆች። ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ድርያና ሻሽ እንሸጣለን፣ ደንበኞች በቴሌግራም ፎቶ ይልኩና «ይሄ አለ?» ይላሉ፣ እኔ ደግሞ 10,000 ፎቶ ውስጥ ስገላብጥ እውላለሁ። ያክስቴ ልጅ ማስተርሱን የሚሰራው በተመሳሳይነት ፍለጋ ኢንዴክስ (ሁሉንም ሳያይ ተመሳሳዩን ቶሎ የሚያወጣ ማውጫ) ላይ ነው፣ «እሰራልሻለሁ» ካለኝ ቆየ፣ እስካሁን ያሳየኝ ግን ግራፍ ብቻ ነው። ይሄ ጥናት ከመመረቂያ አልፎ ስራ ላይ ይውላል?

መልስ፦ ኧረ አቦ እህቴ፣ ላንቺ ሱቅ ኢንዴክሱ ይቅርብሽ! ፎቶ ለመለየት የሰለጠነ የኮምፒውተር ሞዴል እያንዳንዱን ፎቶ ወደ ቁጥሮች ይቀይረዋል፣ 512 ቁጥር በይው፣ ደንበኛዋ የላከችውም እንደዛው ይቀየርና ቁጥሩ የሚቀርባት ጨርቅ ይወጣል። 10,000 በ512 ሲባዛ 5 ሚሊዮን ገደማ ነው፣ ይሄን ተራ ላፕቶፕ ሁሉንም አንድ በአንድ እያየ እንኳን ዓይንሽን ሳታርገበግቢ ይጨርሰዋል።

ጥናቱ ግን ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ኬዲ ትሪ የሚባለው ኢንዴክስ ካርታ ላይ ቅርብ ቦታ ለመፈለግ ግሩም ነው፣ ዳይሜንሽኑ (አንዱን ነገር የሚገልጹት ቁጥሮች ብዛት) ሲጨምር ነው የሚንገዳገደው፣ በ1998 ዌበርና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት ከ10 ገደማ ካለፈ እንዲህ አይነት ኢንዴክስ ሁሉንም ተራ በተራ ከማየት ይብሳል፣ በዚህ የተነሳ ነው እንግዲህ ብዙ ተመራማሪዎች «የግድ ትክክለኛው ካልመጣ» ማለት ትተው ቀረብ ባለው የተስማሙት። ኤችኤንኤስደብልዩ የሚባለው የ2016 ዘዴ፣ ፌስቡክ በ2017 የለቀቀው ፋይስ የሚባል የፍለጋ ሶፍትዌርም በዚሁ መንገድ የመጡ ናቸው፣ መቶ ሚሊዮን ፎቶ ላለው ሰው ያለነሱ አይሆንም። ዋጋቸው ሜሞሪ መብላትና አልፎ አልፎ ትክክለኛውን መሳት ነው።

እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው፣ ብዙው ጥናት የሚለካው በማይነካ ዳታ ላይ ፍጥነትን ነው፣ ሱቅ ውስጥ ግን ጨርቅ ያልቃል፣ አዲስ ይገባል፣ «ቀይ ብቻ» የምትልም አለች። ኤችኤንኤስደብልዩ ላይ መሰረዝ ራሱ ጣጣ ነው፣ ብዙ ጊዜ ምልክት ይደረግበታል እንጂ ከውስጥ አይወጣም። ያክስትሽ ልጅ ርዕስ ካጣ ይሄን ይያዝ።

ለጊዜው ግን ያለ ኢንዴክስ ይስራልሽና ደንበኞች ከላኩልሽ ውስጥ መልሱን የምታውቂውን 50 ፎቶ ስጪው፣ ትክክለኛው ጨርቅ በመጀመሪያዎቹ አምስት ውስጥ ካልመጣ ችግሩ ሞዴሉ ወይ የሱቃችሁ መብራት ነው፣ በተለይ ሻሽ ተጣጥፎ በአምፖል ከተነሳ ቀለሙም ጥለቱም ይጠፋል፣ ዘርግተሽ በር ላይ በቀን ብርሃን እንደገና አንሺው።