የበዓል ፊልም ልትሠሩ ለምታስቡ ልጆች

«ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ» ውስጥ ገና የለም። ያጌጠ ዛፍ የለም፣ በረዶ አይዘንብም፣ ስጦታ የሚያድል ነጭ ጺም ሽማግሌም የለም። ልጆች ዛፍ ላይ ይንጠለጠላሉ። ጀልባ ተገልብጦባቸው ውኃ ውስጥ ይንቦጫረቃሉ። ወደ መጨረሻው ደግሞ ናዚዎች ይመጣሉ። እንዲህም ሆኖ አሜሪካና እንግሊዝ ውስጥ ይህን ፊልም ሳያይ ገና ያለፈ የማይመስለው ቤተሰብ ብዙ ነው።

ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁት ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ወጣቶች ስክሪፕት ይዘው ይመጡልኛል። ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። ግን በዓል ሲቃረብ የሚመጡት ስክሪፕቶች አንድ እናት የወለደቻቸው ይመስላሉ። «ጋሼ፣ ይቺ በየዓመቱ የምትታይ የበዓል ፊልም ናት» ትሉኛላችሁ። ስገልጠው አንደኛው ገጽ ላይ ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ ዶሮ ወጥ ተሠርቷል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ከውጭ አገር የመጣ ልጅ በር ያንኳኳል። ሦስተኛው ላይ ሁሉም ያለቅሳል። ታዲያ በየዓመቱ ሰው ይህን ለምን ያያል? ቄጤማውም ወጡም ልቅሶውም በየቤቱ አለ እኮ!

እስቲ ያንን የፈረንጆቹን ፊልም አብረን እንፍታው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ላላያችሁት፣ ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ኦስትሪያ ውስጥ፣ ሳልዝበርግ ከተማ፣ ለገዳም ሕይወት ያልተመቸች ማርያ የምትባል ወጣት አለች። የገዳሟ እመምኔት ወደ አንድ የባሕር ኃይል ካፒቴን ቤት በሞግዚትነት ይልኳታል። ካፒቴኑ ሚስቱ ሞታበታለች። ሰባት ልጆቹን በፊሽካ ነው የሚጠራቸው። ማርያ መዝሙር ታስተምራቸዋለች፣ ቤቱ ነፍስ ይዘራል፣ እሷና ካፒቴኑ ይጋባሉ። 1938 ላይ ናዚ ጀርመን ኦስትሪያን ስትውጥ ቤተሰቡ አገር ጥሎ ይሸሻል።

እውነተኛ ቤተሰብ ነው፣ ቮን ትራፖች ይባላሉ። ፊልሙ ግን እንደፈለገ ነው የቀየራቸው። ፊልሙ ላይ ተራራ በእግር አቋርጠው ሲያመልጡ ታያላችሁ። እውነተኞቹ ባቡር ተሳፍረው ነው ጣሊያን የገቡት። ከሳልዝበርግ ያንን ተራራ ቢሻገሩ ኖሮ የሚወርዱት ሂትለር አገር ጀርመን ነበር! ኦስትሪያውያን ፊልሙን እምብዛም አይወዱትም። አልፈርድባቸውም። የራስን ታሪክ ሌላ ሰው ሲያወራው ማየት ምን እንደሚመስል እኛም እናውቃለን።

ወደ ሙያችን እንምጣ።

ፊልሙ የወጣው መጋቢት 1965 ኒውዮርክ ላይ ነው። ዳይሬክተሩ ሮበርት ዋይዝ ነው፣ እሱም ከኤዲተርነት የተነሣ ሰው ነው። (እኛ ኤዲተሮች ይህን ሳንናገር አናልፍም።) አምስት ኦስካር አገኘ። ከአምስቱ አንዱ የኤዲቲንግ ነው፣ ለዊልያም ሬይኖልድስ። ፊልሙን ያወጣው ፎክስ የተባለው የፊልም ኩባንያ «ክሊዮፓትራ» የሚባል ፊልም ላይ ገንዘቡን አፍስሶ ለመዝጋት ደርሶ ነበር፣ ይኸኛው ነው ያተረፈው። ተቺዎቹ ግን ብዙዎቹ አልወደዱትም። ስኳሩ በዛ አሉ። ካፒቴኑን ሆኖ የተጫወተው ክሪስቶፈር ፕላመር ራሱ ለብዙ ዓመት ሲያሾፍበት ኖሯል። በነገራችን ላይ ፊልሙ ላይ የምትሰሙት የካፒቴኑ ዘፈን የፕላመር ድምፅ አይደለም። ቢል ሊ የተባለ ዘፋኝ ነው የዘፈነለት።

ቴሌቪዥን ላይ የመጣው በኋላ ነው። አሜሪካ ውስጥ ኤቢሲ የሚባለው ጣቢያ የካቲት 1976 አሳየው። ከ1979 ጀምሮ ሌላው ጣቢያ ኤንቢሲ ወስዶ ከሃያ ዓመት በላይ አስተላለፈው። ከ2002 ወዲህ ደግሞ ተመልሶ ኤቢሲ በየዓመቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዲሴምበር ላይ ያሳየዋል። እንግሊዝ ውስጥ ቢቢሲ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየው የገና ዕለት ነው፣ 1978። ልብ በሉ፣ ሲኒማ ቤት ከገባ አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ያንን ቀን የመረጠው ደራሲው አይደለም፣ ዳይሬክተሩም አይደለም። ቢሮ ቁጭ ብሎ የፕሮግራም ሰንጠረዥ የሚያወጣ ሰው ነው። ሰው ሁሉ ቤቱ ነው፣ ሱቅ ዝግ ነው፣ ውጭው ይበርዳል፣ አያትና የልጅ ልጅ አንድ ሶፋ ላይ ተጣበዋል። ሦስት ሰዓት የሚያህል ነገር ያስፈልጋል። ፊልሙ 174 ደቂቃ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን የሚያስመርር ርዝመት ነው፣ የገና ዕለት ግን በልክ የተሰፋ ሆነ።

ስለዚህ ፊልሙን የበዓል ያደረገው ሰንጠረዡ ነው ልትሉኝ ትችላላችሁ። ግማሹ እውነት ነው። ግን የገና ዕለት የታየ ፊልም ሁሉ በሚቀጥለው ዓመት አይፈለግም። ይኸኛው ለምን ተፈለገ?

እኔ መልሱን ያገኘሁት እንደ ሥራዬ ልማድ ዘፈኖቹን ወረቀት ላይ በተራ ስጽፋቸው ነው። ዋና ዋናዎቹ ዘፈኖች ሁሉም ማለት ይቻላል ሁለት ጊዜ ይመጣሉ። ሁለተኛው ግን የመጀመሪያው ድግግሞሽ አይደለም። የርዕሱን ዘፈን ውሰዱ። መጀመሪያ ማርያ ተራራ ላይ ብቻዋን ትዘፍነዋለች፣ ደስ አላት፣ በቃ። በኋላ ልጆቹ ለእንግዳ ሲዘፍኑት ካፒቴኑ ከደጅ ይሰማል። እቤቱ ሙዚቃ ከልክሎ የኖረ ሰው ነው። ገብቶ አብሯቸው ይዘፍናል። ዜማው ያው ነው፣ የሚሠራው ሥራ ግን ሌላ ነው። የልጆቹን የመሰናበቻ ዘፈን ተመልከቱ። በግብዣው ማታ እንግዶቹን እያሳቁ ወደ መኝታ የሚሄዱበት ጨዋታ ነው። ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ያንኑ ዘፈን መድረክ ላይ ይዘፍኑታል፣ ግን አሁን በናዚዎቹ ፊት አንድ በአንድ ከመድረክ እየወጡ ሊያመልጡ ነው። ሕፃን ልጅ ያው ደስ የሚል ዘፈን መጣልኝ ብሎ ያጨበጭባል። አባትየው ትንፋሹን ይይዛል።

«ኤደልዋይስ»ም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ሳሎን ውስጥ አባት ጊታር ይዞ ለልጆቹ ይዘፍናል። ስለ አንዲት የተራራ አበባ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። በኋላ ካፒቴኑ በሕዝብ ፊት ሲዘፍነው አገሩ ተወስዳለች፣ ድምፁ ይቆረጥበታል። ማርያ ትቀበለዋለች፣ ከዚያ አዳራሹ ሁሉ ይዘፍናል። አንድም የፖለቲካ ቃል አልተናገረም። ብዙ ሰው የኦስትሪያ የሕዝብ መዝሙር ይመስለዋል። አይደለም፣ ኒውዮርክ ውስጥ፣ ፊልሙ ለተነሣበት የመድረክ ሙዚቃዊ ቲያትር የተጻፈ ነው። ግጥሙን የጻፈው ኦስካር ሐመርስታይን ነው፣ የመጨረሻ ሥራው ነበር፣ 1960 ላይ በካንሰር ሞተ።

ገባችሁ? ፊልሙ በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ «ይህንን እኮ አውቀዋለሁ» የሚል ስሜት ይሰጣችኋል። የምታውቁትን ነገር በሌላ ዓይን እንድታዩ ያደርጋችኋል። በሚቀጥለው ዓመት ስትመለሱ ያው ነገር ነው የሚደርስባችሁ፣ ልዩነቱ በዚህ ጊዜ የተለወጣችሁት እናንተ መሆናችሁ ነው። ስምንት ዓመት ሳለች ከትንሿ ልጅ ጋር የዘፈነች፣ አሥራ ስድስት ሲሞላት የትልቋን ልጅ ነገር ታያለች። ስትወልድ ደግሞ ያ ፊሽካ የሚነፋው አባት ያሳዝናታል። አንድ ስክሪፕት ውስጥ ለሁሉም ዕድሜ መግቢያ በር አለ። ይህ በአጋጣሚ አይመጣም፣ ቁጭ ብሎ ያሰበበት ሰው አለ።

ኤዲቲንግ ለምትማሩ ደግሞ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። «ዶ ሬ ሚ» የሚለውን ክፍል ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት። ሣር ላይ ተቀምጠው ይጀምራሉ፣ ልጆቹ አንድ ኖታ እንኳን አያውቁም። ዘፈኑ ሳይቋረጥ ቦታው ይቀየራል፣ ከተማ ውስጥ ናቸው፣ ብስክሌት ላይ ናቸው፣ ሠረገላ ላይ ናቸው። መጨረሻ ላይ ሚራቤል የሚባለው የአትክልት ቦታ ደረጃ ላይ እየዘለሉ በተለያየ ድምፅ ተከፋፍለው ይዘፍናሉ። በታሪኩ ብዙ ቀናት አልፈዋል፣ ለእናንተ ግን አንድ ዘፈን ነው ያለፈው። «ከሳምንታት በኋላ» የሚል ጽሑፍ አልተለጠፈም። እናንተ ግን ትለጥፋላችሁ፣ አይቻችኋለሁ! እንደገና ስታዩት ደግሞ ይህን አስተውሉ፤ ልጆቹ ሲማሩ ተመልካቹም አብሮ ተምሯል። ዘፈኑ ራሱ የመዝሙር ትምህርት ነው። ክፍሉ ሲያልቅ ሶፋው ላይ ያለው ሕፃንም ይዘፍነዋል። ሕፃን የሚዘፍነው ነገር ደግሞ ከቤት በቀላሉ አይወጣም።

ስለ ገና ካነሣን አይቀር፣ ማርያ ስለምትወዳቸው ነገሮች የምትዘፍነውን ዘፈን ዛሬ ፈረንጆቹ በገና ሰሞን ሱቅና ሬዲዮ ላይ ይለቁታል። ፊልሙ ላይ የተዘፈነው ግን ነጎድጓድ ፈርተው አልጋዋ ላይ ለወጡ ልጆች ነው። ሽፍን ጓንት፣ በክር የታሰረ ፓኬጅ፣ ሽፋሽፍት ላይ የሚያርፍ በረዶ ይጠቅሳል። ከዚያ ሰው ራሱ ወደ ገና ወሰደው። መድረክ ላይ ሲሠራ እንዲያውም ዘፈኑ የነጎድጓዱ ቦታ ላይ አልነበረም፣ ማርያና እመምኔቷ ገዳም ውስጥ ነበር የሚዘፍኑት። የፊልሙ ጸሐፊ ኧርነስት ሌማን ነው ያዛወረው። ዘፈን ጥሩ ሆኖ ቦታው ሳይሆን ሲቀር አትጣሉት፣ ቦታ ፈልጉለት።

አሜሪካ ያላችሁ ወላጆችም ትጽፉልኛላችሁ። ዲሴምበር 25 ሰፈሩ በሙሉ በዓል ነው፣ እናንተ ቤት ግን ጾም ነው፣ የእኛ ገና ሁለት ሳምንት ያህል ይቀረዋል። ልጆቹ ግራ ይገባቸዋል። ይህ ፊልም ለዚያ ክፍተት ይመቻል ባይ ነኝ፣ በዓላችሁን አይሻማም። መሐል ላይ የተሠራ እረፍት አለው፣ ያኔ ቡና አፍሉ። ትንንሾቹ ከናዚዎቹ በፊት እንቅልፍ ከወሰዳቸው አትቀስቅሷቸው፣ ሲያድጉ ይደርሱበታል። የተቆረጠውን ቅጂ ግን አትግዙ። ኤንቢሲ ከነማስታወቂያው ሦስት ሰዓት ውስጥ እንዲገባ ለዓመታት ግማሽ ሰዓት ያህል እየቆረጠ ነበር የሚያሳየው። ዘፈን ሲቆረጥ ሁለተኛው ዘፈን የሚያስታውሰው ነገር ያጣል።

እኛስ? እኛ የበዓል ፕሮግራም እናውቃለን። የተጎዘጎዘ ስቱዲዮ፣ የባህል ልብስ የለበሰ አቅራቢ፣ ኮሜዲ፣ ዘፈን፣ አጭር ድራማ፣ በየመሐሉ «እንኳን አደረሳችሁ»። ሰው ይደክምበታል፣ ገንዘብ ይወጣበታል። አንድ ቀን ይታያል፣ ከዚያ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ አዲስ። እኔ ራሴ ስንት እንደዚያ ዓይነት ፕሮግራም ቆርጬ ቀጥያለሁ! አንዳንዶቹ ዛሬም ቢታዩ የሚያስቁ ነበሩ። «ደግመን እናሳየው» ስል «ተመልካች አሮጌ ነገር አሳዩኝ ይለናል?» ይሉኝ ነበር። ሬዲዮዎቹ ግን ከእኛ ይበልጣሉ። የዘሪቱ ጌታሁንን «እንቁጣጣሽ» በየአዲስ ዓመቱ ይለቁታል፣ ማንም አሮጌ ነው ብሎ ሲያጉረመርም አልሰማሁም። እንዲያውም ካልሰማው ዓመቱ አልገባለትም።

ጣቢያ ውስጥ ለምትሠሩት የምለው ይህችን ነው፤ ከመደርደሪያው አንድ ጥሩ ነገር አውጡና በየዓመቱ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት አሳዩት። አንድ ዓመት ምንም ካልተባለ ተስፋ አትቁረጡ። በሦስተኛው ዓመት ብትተዉት ስልክ ይደወልላችኋል።

ለመጪው ገና ስክሪፕት የያዛችሁ ልጆች ደግሞ ከመምጣታችሁ በፊት ሁለት ነገር ሞክሩልኝ። በዓል የሚለውን ቃል፣ ቄጤማውን፣ ወጡን፣ በር የሚያንኳኳውን ልጅ ሁሉ ሰርዙና የቀረውን አንብቡት። ታሪክ ከቀረ ጥሩ። ከዚያ ዘፈናችሁን ለጎረቤት ሕፃን አንድ ጊዜ ብቻ ዘምሩለት። በማግስቱ ሄዳችሁ ጠይቁት። አንድ መስመር እንኳን ካስታወሰ ስክሪፕቱን ይዛችሁ ኑ፣ ቀኑን ሙሉ ቤት ነኝ።