ሰርቪሱን ማን አስነሳው?

ከሳቢያን የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ለዳታቤዝ አስተዳዳሪነት ስትፈተን ሦስት የኡቡንቱ ሰርቨር ተሰጥቶህ ፖስትግሬስ የሚባለውን ዳታቤዝ በፓትሮኒ (አንዱን ሰርቨር መሪ አድርጎ፣ እሱ ሲወድቅ ሌላውን በሚተካው ፕሮግራም) አቀናጅ ተባልክ። ጫንክ፤ ፓትሮኒ ግን አልነሳም አለህ፤ ሰዓቱ አለቀ። አሁን «ይሄ ሥራ ለእኔ አይሆንም፣ ወደ ዌብሳይት ልዙር ወይ?» ትላለህ። (አንቱታውን ትቼዋለሁ፤ የድሬ ልጅ ነህና አንተም «አንተ» ብለህ ነው የጀመርክልኝ።)

አትዙር። የገጠመህ ነገር እኔንም ተቀጣሪ ሳለሁ ግማሽ ሌሊት በልቶብኛል። ኡቡንቱ ላይ ፖስትግሬስ ሲጫን ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ሳትጠይቀው «ሜይን» የሚባል ክላስተር (የራሱ ዳታ ያለው አንድ ፖስትግሬስ) ፈጥሮ ወዲያው ያስነሳና ፖርት 5432ን፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች የሚያገኙበትን በር፣ ይይዛል። ፓትሮኒ የራሱን ፖስትግሬስ በዚያው ፖርት ላስነሳ ሲል ቦታው ተይዟል። አንድ ባጃጅ፣ ሁለት ሹፌር። የላክልኝ ሎግ ላይ እኮ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል፦ «5432 ላይ ሌላ ፖስትማስተር እየሠራ ነው ወይ?» ይልሃል፤ ፖስትማስተር የሚለው ዋናውን የፖስትግሬስ ፕሮግራም ነው። አንተ ግን ሳታነበው አጥፍተህ እንደገና ጫንክ። እንደሚመስለኝ ፈታኞቹ ነጥብ የቀነሱብህ እዚህ ላይ ነው።

መላው ከመጫኑ በፊት ነው ያለው። ፖስትግሬስኪውኤል-ኮመን የሚባለውን ፓኬጅ ለብቻው አስቀድመህ ጫን፤ «ክሬትክላስተር» በሚለው የኮንፊገሬሽን ፋይሉ ውስጥ ሜይን ክላስተር ይፈጠር የሚለውን መስመር «ፎልስ» አድርገው፤ ከዚያ ፖስትግሬስን ጫን። አንዴ ጭነኸው ከሆነ በራሱ የተነሳውን የፖስትግሬስ ሰርቪስ አቁመህ ዲሴብል አድርገው። ማቆም ብቻ አይበቃም፣ ማሽኑ ሲነሳ አብሮ ይነሳል። የባሰውም ያኔ ነው፦ ይሄ ሰርቪስና ፓትሮኒ አንድ የዳታ ማውጫ (ፎልደር) የሚጋሩ ከሆነ፣ ወድቆ የነበረው የድሮ መሪ ከፓትሮኒ ጀርባ ራሱን መሪ አድርጎ ሊነሳ ይችላል፤ ያኔ መሪው ሁለት ሆነ ማለት ነው። ሁለት ቦታ የተጻፈ የደንበኛ ሒሳብ ማስታረቅ ምን እንደሚመስል ባንክ የሠራ ሰው ጠይቅ። ፓትሮኒ መሪው ማን እንደሆነ የሚመዘግብበት ኢቲሲዲም ጠባዩ ያው ነው፤ ሳታዋቅረው ቀድሞ ብቻውን እንዳይነሳ ጠብቀው።

ለልምምድ 8 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕህ ይበቃሃል። ለእያንዳንዱ 1 ጊጋ እየሰጠህ ሦስት ቨርቹዋል ማሽን ክፈት። መብራት ሄዶ እንደመጣ ቁጠረውና ሦስቱንም በአንዴ አጥፍተህ አብራ። ማን ቀድሞ ተነሳ? 5432ን የያዘው ማነው? ኢቲሲዲ ሳይነሳ ፓትሮኒ ምን አለ? በደብተር ጻፈው። ሲቪህ ላይ «ፖስትግሬስ እችላለሁ» ያልከውን ሰርዘህ ይሄን በሁለት መስመር አስገባ፤ ቃለ መጠይቅ ላይ የሚያስወራህ እሱ ነው።

ለፈተነህ ድርጅትም ሳምንቱ ሳያልፍ ኢሜይል ላክ፦ ስህተቱ የት እንደነበር፣ እንዴት እንደደረስክበት። ከመላክህ በፊት ግን አሳየኝ፤ በሰላምታ ብቻ ግማሽ ገጽ እንዳትጨርስ እፈራለሁ።