የአያትየው ፋይል ቢቃጠልም የአውሮፕላኑ ወረቀት አልተቃጠለም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የባለቤትሽ አያት በቢ-17 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ መትረየስ ተኳሽ ነበሩ። በ1944 ጀርመን ላይ ተመትተው ተማረኩ፤ ከምርኮ ተመልሰውም ስለዚያ ጊዜ ትንፍሽ ሳይሉ አረፉ። ቤተሰቡ አሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ ወዳለው የወታደሮች መዝገብ ማዕከል ሲጽፍ ፋይላቸው በ1973ቱ ቃጠሎ ጠፍቷል የሚል መልስ መጣ። አሁን ልጆችሽ ስለ ቅድመ አያታቸው ሲጠይቁሽ ግራ ገብቶሽ «ሌላ መንገድ አለ ወይ?» አልሽ። አለ። እኛም የባለቤቴን አጎት ታሪክ መፈለግ ስንጀምር የደረሰን ያው ደብዳቤ ነበር። ዛሬ ግን በየትኛው ቀን፣ በየትኛው አውሮፕላን፣ ከእነማን ጋር እንደወጡ እናውቃለን። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።

ስለ ቃጠሎው ብዙ የተሳሳተ ነገር ስለሚወራ መጀመሪያ እሱን ላጥራው። ጁላይ 12 ቀን 1973 የተነሳው እሳት ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚሆኑ የግል ፋይሎችን በላ። ከ1912 እስከ 1960 ከምድር ጦር ከተሰናበቱት ሰዎች ፋይል 80 በመቶ ያህሉ ያኔ ነው የጠፋው። የአሜሪካ አየር ኃይል ራሱን የቻለው በሴፕቴምበር 1947 ስለሆነ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንደ አያትየው በቢ-17 ላይ የበረረ አሜሪካዊ ሁሉ የሚቆጠረው የምድር ጦር አባል ሆኖ ነው። እዚህ አስተያየት ላይ አንድ ወንድም «የአባት ስማቸው በፊደል ተራ ቀድሞ የሚመጣ ከሆነ ተርፏል» ብሎሻል። ያ የሚሠራው ከ1947 በኋላ ለነበሩት የአየር ኃይል አባላት ነው፤ ለአያትየው አይሆንም።

እሳቱ የበላው ግን የእያንዳንዱን ሰው የግል ዶሴ ነው። የስኳድሮኑ (የጥቂት አውሮፕላኖች ክፍል)፣ የግሩፑ (የበርካታ ስኳድሮኖች ስብስብ)፣ የአውሮፕላኑና የዘመቻው ወረቀት የተቀመጠው ሌላ ቦታ ነበር። ስለዚህ የምመክርሽ ይህን ነው፦ ሰውየውን ለጊዜው ተዪያቸውና አውሮፕላኑንና ቀኑን ፈልጊ። ቢ-17 አብዛኛውን ጊዜ አሥር ሰው ይዞ ነበር የሚወጣው፦ አብራሪ፣ ረዳት አብራሪ፣ ናቪጌተር (አቅጣጫ መሪ)፣ ቦምባርዲየር (ቦምቡን አነጣጥሮ የሚጥለው)፣ የላይኛውን መትረየስም የሚይዘው መሐንዲስ፣ የሬዲዮ ሠራተኛ፣ በግራና በቀኝ ሁለት ተኳሾች፣ ከሆዱ ሥር በምትሽከረከረው ክብ ጉልላት ውስጥ ተጣጥፎ የሚገባው ተኳሽ፣ እና ጭራው ላይ ያለው። በ1944 የጎን ተኳሾቹ ወደ አንድ ስለተቀነሱ ዘጠኝ ስም ብቻ ብታገኚ አንድ ሰው ጎደለ ብለሽ አትደንግጪ። ከእነዚህ ሰዎች ስለ አንዱ የተጻፈ ወረቀት ስለ ሁሉም ይናገራል።

ፍለጋውን ከቤት ጀምሪ። አያትየው በሕይወት ስለተመለሱ የስንብት ወረቀት ተሰጥቷቸዋል። ዛሬ ሁሉም የሚያውቀው ዲዲ 214 የመጣው በ1950 ነው፤ የእሳቸው ዘመን ተራ ወታደር የሚሰጠው ቅጽ 53-55 ይባል ነበር። መለያ ቁጥራቸው፣ ክፍላቸው፣ ባሕር ተሻግረው የሄዱበትና የተመለሱበት ቀን፣ ሜዳሊያቸው ሁሉ እዚያ ላይ አለ። ቤት ውስጥ ከሌለ ከጦርነቱ በኋላ ወደኖሩበት ካውንቲ ፍርድ ቤት ደውሉ። ብዙ ተመላሾች ወረቀቱ እንዳይጠፋባቸው እዚያ ወስደው አስመዝግበውት ነበር፤ የሴንት ሉዊስ እሳት ደግሞ የካውንቲ መዝገብ አልነካም። የእኛ ሰው ስላልተመለሱ የስንብት ወረቀት አልነበራቸውም። ቁጥራቸውን ያገኘነው ለእናታቸው ከላኩት ደብዳቤ ፖስታ ላይ ነው፤ በግራ በኩል ከላይ ማዕረግ፣ ስም፣ መለያ ቁጥር፣ ስኳድሮንና ግሩፕ ተጽፎ ነበር። ደብዳቤ ከተገኘ ፖስታውን አደራ አትጣሉት።

የመለያ ቁጥሩ የመጀመሪያ አሃዝ ራሱ ይናገራል። በ1 ከጀመረ በፈቃዳቸው የተመዘገቡ ናቸው፣ በ3 ከሆነ በምልመላ የተጠሩ፤ የመኮንኖች ቁጥር በኦ ፊደል ይጀምራል። ቁጥሩን ይዘሽ ወደ አሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ድረ ገጽ ግቢ። ዘጠኝ ሚሊዮን ገደማ የምዝገባ መረጃ በነጻ ይፈለግበታል። በስም ሳይሆን በቁጥር ፈልጊ፤ መረጃው ከድሮ የቀዳዳ ካርድ ስለተገለበጠ ስሞች ተበላሽተው ይገኛሉ። የጦር ምርኮኞች ዝርዝርም እዚያው አለ፣ የታሰሩበትንም ካምፕ ያሳያል። ከመኮንን በታች የነበሩ ተኳሾች ብዙዎቹ የተያዙት ስታላግ ሉፍት 4 ወይም ስታላግ 17 ውስጥ ነው። ሉፍት 4 ሆኖ ከተገኘ በ1945 ክረምት በበረዶ ወደ ምዕራብ በእግር የተነዱት እነሱ ስለሆኑ ዝምታቸው ከየት እንደመጣ ይገባችኋል።

ዋናው ሰነድ ግን «ሚሲንግ ኤር ክሩ ሪፖርት» (የጠፉ በራሪዎች ሪፖርት) የሚባለው ነው። ከ1943 ጀምሮ አንድ አውሮፕላን ካልተመለሰ ክፍሉ በ48 ሰዓት ውስጥ ይህን ሪፖርት እንዲሞላ ይገደድ ነበር። የአውሮፕላኑ ቁጥር፣ የአራቱ ሞተሮች ቁጥር፣ የመትረየሶቹ ቁጥር ሳይቀር ይዘረዘራል። የሁሉም ስምና የሥራ ቦታ፣ የቅርብ ዘመድ ስምና አድራሻ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት ቦታ፣ በጎን ይበሩ የነበሩት ያዩትን የሰጡት ቃል አለበት። በተረፉትና በተመለሱት እጅ የተሞላ መጠይቅ ከኋላው የተያያዘበትም አለ። መጠይቁ ስለ እያንዳንዱ ያልተመለሰ ጓደኛ ይጠይቃል፦ በፓራሹት ወርዷል? ቆስሎ ነበር? መጨረሻ ያየኸው የት ነው? መጨረሻ የተነጋገራችሁት ምን ነበር? የእኛን ሰው በተመለከተ የጭራው ተኳሽ በእርሳስ የሞላውን ገጽ አግኝተናል። ባለቤቴ ያንን ገጽ ካነበበች በኋላ ለብዙ ቀን ዝም ብላ ነበር። የባለቤትሽ አያት ከተረፉት መካከል ስለሆኑ እንዲህ ያለውን ገጽ ራሳቸው ሞልተውት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሰነዱ ሲገኝ መጀመሪያ አንቺና ባለቤትሽ ብቻችሁን አንብቡት፤ ለልጆቹ ምን ያህሉን እንደምታሳዩ ከዚያ ትወስናላችሁ።

ሪፖርቶቹ ተቃኝተው በቤተ መዛግብቱ ካታሎግ ውስጥ በነጻ ይገኛሉ። እሱን ሳትሞክሪ ለማንም ፈላጊ ገንዘብ አትክፈዪ። ግሩፑንና ቀኑን ካላወቃችሁ ደግሞ የሞተ ጓደኛ ስም ፈልጊ። ብዙ ጊዜ በቡድን ፎቶ ጀርባ ላይ ስሞች ተጽፈው ይገኛሉ። ከእነዚያ አንዱ በውጭ አገር የአሜሪካ ጦር መቃብር ካረፈ፣ መቃብሮቹን የሚያስተዳድረው ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ ከስሙ ሥር ስኳድሮኑ፣ ግሩፑና የሞተበት ቀን ተጽፎ ታገኚዋለሽ። አብረው ተመትተው ከሆነ የአያትየው ቀን ያው ነው።

አውሮፕላኑ በፎቶው ላይ ከታየ አፍንጫው ላይ የተጻፈው ቅጽል ስም ብቻ አያታልላችሁ፤ አንድ ዓይነት ስም የያዙ አውሮፕላኖች ነበሩ። የጭራውን ቁጥር እዩ። 25 ዘመቻዋን በሜይ 1943 የጨረሰችው ሜምፊስ ቤል ጭራዋ ላይ 124485 ይላል፤ ሙሉ ቁጥሯ ግን 41-24485 ነው። 41 የታዘዘችበት የበጀት ዓመት ሲሆን ሲቀባ 4ቱ ይቀራል። ሌላው ደግሞ አንድ ቡድን ሁልጊዜ በአንድ አውሮፕላን ብቻ አይበርም፤ የሜምፊስ ቤል ሰዎች ራሳቸው በሌላ የበረሩበት ቀን አለ። ፎቶ የተነሱበት አውሮፕላን የወደቁበት ላይሆን ይችላል።

ሪፖርቱ ከተገኘ በኋላ ቀሪው ሥራ ሜሪላንድ ኮሌጅ ፓርክ ባለው የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የምንኖር ደግሞ ዕድለኞች ነን፣ ጎረቤታችን ነው። መታወቂያ ይዘሽ የአንባቢ ካርድ ታወጫለሽ፤ ቦርሳና እስክሪብቶ አይገባም፣ በእርሳስ ነው የሚጻፈው፣ ፎቶ ያለ ፍላሽ ማንሳት ይቻላል። የየግሩፑ የዘመቻ ማህደሮች በቀን ተለይተው ይመጡልሻል። በውስጣቸው የሚገኘው የሰልፍ ሥዕል እያንዳንዱ አውሮፕላን ከማን በስተቀኝ፣ ከማን በታች እንደበረረ ያሳያል። ያንን ሳየው ነው ነገሩ በዓይኔ የመጣልኝ። አየሽ፣ ሪፖርቱ ላይ የምስክርነት ቃል የሰጠው ሰው ለምን አንዱን አይቶ ሌላውን እንዳላየ የሚገባው ከዚህ ሥዕል ነው።

አያትየው ስንት ዘመቻ እንደበረሩ፣ 35 ይሁን 50፣ ባለቤትሽ ሰምቻለሁ ባለው ቁጥርም አትከራከሩ። ከእንግሊዝ የሚነሳው ስምንተኛው የአየር ኃይል መጀመሪያ 25 ዘመቻ የጨረሰን ይሸኝ ነበር፤ በ1944 ወደ 30፣ ከዚያም ወደ 35 ከፍ አለ። ከጣሊያን ይነሳ የነበረው አሥራ አምስተኛው ግን ከባዱን ዒላማ እንደ ሁለት እየቆጠረ እስከ 50 ያደርስ ነበር። ስለዚህ 50 ያለም 35 ያለም አልዋሸም።

ለንደን ያለሽው እህት የጠየቅሽው የእንግሊዝ ቦምበር ኮማንድ (የእንግሊዝ አየር ኃይል የቦምብ ጣዮች ዕዝ) መንገዱ ሌላ ነው። የየስኳድሮኑ የዘመቻ መዝገብ ለንደን ኪው በሚገኘው የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ኤ አይ አር 27 በሚል ምድብ አለ፤ እያንዳንዱ በረራ ከነሰዎቹ ስም ተጽፏል። ከ125,000 ያህል በራሪዎች 55,573 ስለሞቱ ሊንከን ከተማ ያለው የቦምበር ኮማንድ ማዕከል የሟቾች ዳታቤዝም በጣም ይረዳሻል።

አንቺ ግን እህቴ፣ በዚህ ሳምንት ለካውንቲው ደውይ፣ የአክስቶቹንም አልበም ጠይቂ። ፎቶ ከተገኘ ፊቱንም ጀርባውንም አንስተሽ እዚሁ ለጥፊው፤ የጭራው ቁጥር ግማሹ እንኳ ከታየ ሪፖርቱን አብረን እንፈልገዋለን። ኮሌጅ ፓርክ መሄድ ካስፈለገም አብሬሽ እሄዳለሁ።