የተሰበረውን ዘንግ እንዳትጥለው

የሜካኒካል ምህንድስና 4ኛ ዓመት ተማሪ የሆነ ወንድማችን የላከልኝ ደብዳቤ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «በእረፍት ጊዜዬ የሠራሁበት ጋራዥ ውስጥ ሞተሩ ወደ 800 የፈረስ ጉልበት ያደገ መኪና ነበር። አራት ወር ምንም አልሆነም። መንገድ ቆንጥጦ የሚይዝ ለስላሳ ጎማ በተገጠመለት ሳምንት ግን ከዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ ከሚያካፍለው የማርሽ ሳጥን) ወደ ጎማ የሚሄደው ዘንግ ተቆረጠ። ጓደኞቼ የሚያወሩት ስለ ሞተር ብቻ ነው። እኔን ግን ያ ዘንግ እንቅልፍ ነሳኝ። ይሄ ሙያ ይሆናል? ኤሌክትሪክ መኪና ሲበዛስ ሥራው ይኖራል?»

ወንድሜ፣ ይሆናል። ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት ዓመታት ያሳለፍኩት ካምቢዮና ዲፈረንሻል እስኪሰበሩ ድረስ በሚፈተኑበት ክፍል ውስጥ ነው። ሞተር ማሳደግ የሚፈልግ ሰው ሞልቷል። ያደገውን ጉልበት ምንም ሳይሰበር ጎማ ድረስ የሚያደርስ ግን ጥቂት ነው።

መጀመሪያ የዘንጉን ነገር እንጨርስ። ለጊዜው የፈረስ ጉልበቱን እርሳው። ዘንግ የሚያውቀው ቶርክን፣ ማለትም የሚጠመዝዘውን ኃይል ነው። ሞተሩ 600 ኒውተን ሜትር ይሰጣል እንበል። አንደኛ ማርሽ በ3.5 ያበዛዋል፣ ዲፈረንሻሉ ደግሞ በ4። ለሁለቱ ዘንጎች በድምሩ 8400 ደረሰ ማለት ነው። ታዲያ ዘንጉ እንዴት አራት ወር ቆየ? ጎማው አድኖት ነዋ! የኋላ ጎማዎቹ ላይ 1000 ኪሎ ቢያርፍ፣ ተራ ጎማ 3000 ገደማ ሲደርስ መሬቱን ለቆ ባዶውን ይሽከረከራል። ዘንጎቹ ሙሉውን 8400 ቀምሰውት አያውቁም። ጎማው ፊውዝ ነበር። እናንተ ፊውዙን ነቅላችሁ ጣላችሁት።

ሌላም አለ። ጎማው ሲይዝ ሲለቅ፣ ሲይዝ ሲለቅ የመኪናው ኋላ ይዘላል። በያዘ ቁጥር በፍጥነት ሲዞር የነበረው ብረት ሁሉ ባንዴ ይገታል፤ ያ ምት ሞተሩ ከሚሰጠው በላይ ሊሆን ይችላል። 2009 ሞዴል ካዲላክ ሲቲኤስ-ቪ ላይ የግራና የቀኝ ዘንጎቹ ውፍረት የተለያየ ነው። ሆን ተብሎ ነው። እኩል ቢሆኑ አብረው ይርገበገባሉ፤ ሲለያዩ ግን አንዱ የሌላውን መርገብገብ ያበላሽበታል። ይህን ያሰበ ሰው ደሞዙ ይባረክለት።

እኔ ራሴ ወጣት ሳለሁ እንዲህ አላሰብኩም። አንድ ሙከራ ላይ ዘንግ ሲቆረጥብን ዲያሜትሩን 20 በመቶ አወፈርነው። የዘንግ ጥንካሬ በዲያሜትሩ ኩብ ስለሚያድግ 70 በመቶ ያህል አተረፍን። ደረታችንን ነፋን። በቀጣዩ ሙከራ ዘንጉ ንቅንቅ አላለም፤ የዲፈረንሻሉ ጥርስ ግን ረገፈ። ግማሽ ሰዓት ይፈጅ የነበረው ጥገና ሁለት ቀን ሆነብን። አለቃዬ አልተቆጡም። «የት እንዲሰበር ነው የምትፈልገው?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። አንተ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስትቀርብ መልስ ይኑርህ፤ ይህን የሚጠይቅ አይጠፋም።

ትምህርት ላይ ሳለህ የብረት ድካም የሚባለውን ትምህርት አጥብቀህ ያዝ። ጀርመናዊው አውጉስት ቮለር በ19ኛው ክፍለ ዘመን የባቡር አክስሎች ላይ ያጠናው ነገር ዛሬም የሙያው መሠረት ነው፦ ብረት አንድ ጊዜ የሚችለውን ጭነት ሚሊዮን ጊዜ ሲመላለስበት አይችለውም። ኩሽኔታም (ዘንጉን ይዞ በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገው ቀለበት) እንዲሁ ነው። ባለ ኳሱ ላይ ጭነቱን እጥፍ ብታደርግበት ዕድሜው ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። የማርሽ ጥርስ ላዩ ጠንካራ፣ ውስጡ ግን ለስለስ ያለ እንዲሆን እሳት ውስጥ ምን እንደሚደረግለትም እወቅ። ሶፍትዌሩን ከሥራው ጋር ትለምደዋለህ፣ አትጨነቅ።

ዩኒቨርሲቲህ የፎርሙላ ስቱደንት (ተማሪዎች ራሳቸው በሠሩት የውድድር መኪና የሚወዳደሩበት) ቡድን ካለው ግባ። ሁሉም ሞተርና ሰስፔንሽን ላይ ይሻማል። አንተ ዲፈረንሻሉንና ዘንጎቹን ስጡኝ በል፤ ማንም አይጋፋህም።

ኤሌክትሪኩ እንዳያስፈራህ። ካምቢዮው ቀለል ይላል እንጂ ማርሽ፣ ኩሽኔታና ዘንግ የትም አይሄዱም። ሞተሩ ሙሉ ቶርኩን ከዜሮ ጀምሮ ይሰጣል። ቴስላ ሞዴል ኤስ ፕሌድ ከ1000 የፈረስ ጉልበት በላይ አለው፤ ሞተሩም በደቂቃ ከ20,000 ዙር በላይ ይዞራል። መኪናው ፍጥነት ሲቀንስ ደግሞ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ባትሪ ስለሚሞላ ጥርሱ በሌላኛው ፊቱም ይገፋል። በሁለቱም አቅጣጫ እኩል የሚገፋ ጥርስ፣ ባንድ በኩል ብቻ ከሚገፋው ጋር ሲነጻጸር የሚፈቀድለት ጭነት 70 በመቶ ያህል ነው ተብሎ ነው የሚሰላው። ሥራ አይጠፋም።

ስለ መነሻው፦ የውድድር ቡድን ያጓጓል፤ ግን ለጀማሪ ከማስተማር ይልቅ ያሯሩጣል። እኔ ብሆን ካምቢዮ የሚያድስ ወርክሾፕ ወይም የሙከራ ክፍል አስቀድማለሁ። ብዙ ስብራት የምታየው እዚያ ነው።

ለዚህ ሳምንት አንድ ሥራ ልስጥህ። ወደዚያ ጋራዥ ደውል። ዘንጉን ካልጣሉት ጠይቀህ ውሰደው። የተቆረጠበትን ፊት በደንብ እየው። እንደ ውሃ ሞገድ የተደረደሩ ቀጫጭን መስመሮች ካሉበት ስንጥቁ ቀስ በቀስ ሲያድግ የቆየ ነው፤ ጎማውን ብቻ መክሰስ አይቻልም። መስመር ከሌለውና አንድ ዓይነት ከሆነ ባንድ ምት ሄዷል ማለት ይቀርባል። ፎቶ አንሳው፣ አንድ ገጽ ጻፍበት፣ ለእኔም ላክልኝ። እንዳይዝግ ዘይት ቀባ አድርገው። ሁለቱን ቁራጭ ግን መልሰህ ለመግጠም እንዳትሞክር፤ ፊቱ ይፋቅና የሚነበብ ነገር አይተርፍህም።