ለመንዙ የእከክ ዘመቻ፦ ቅባቱን ከመግዛታችሁ በፊት

ጠያቂዋ እህታችን፣ መንዝ ውስጥ በ40 አባወራ፣ ወደ 200 ሰው ላይ እከክ እንደገባና የሰንበቴ ማኅበራችሁ ባዋጣው ገንዘብ ለሚያካቸው ሰዎች የእከክን ተባይ የሚገድለውን የፐርሜትሪን ቅባት ልታድሉ እንዳሰባችሁ ጽፈሻል። ለሚያካቸው ብቻ ከሆነ ገንዘቡን ውሃ በላው በሉት። አዲስ የተያዘ ሰው ማከክ የሚጀምረው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው። እስከዚያ ድረስ ጤነኛ መስሎ ለታከመው መልሶ ያጋባበታል። በቤቱ ያለ ሁሉ፣ ከአያት እስከ ሕፃን (ከ2 ወር በታች ያለው ሲቀር)፣ በአንድ ምሽት ይቀባ።

1. ቆጠራ። ወረዳ ከመመላለሳችሁ በፊት ጤና ኬላ ሂዱ። የየቤቱ የቤተሰብ ማኅደር ያለው ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ዘንድ ነው። ወረዳ ላይ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው» ሲባል ሳምንት ያልፋል፤ ደብዳቤው ሲገኝም የሚመራው ወደ እሷው ነው። ጤና ጣቢያው ሳያውቅ ግን አንድም ቱቦ አታድሉ።

ማኅደሩ የማይዛቸው አሉ፦ የቆሎ ተማሪዎች። የማንም አባወራ ስላልሆኑ ማንም አይቆጥራቸውም። በጠባብ ጎጆ ተጠጋግተው ያድራሉ፤ እከክ የሚተላለፈውም በቆዳ ንክኪ ነው። እነሱን የዘለለ ዘመቻ በሁለት ወር ውስጥ ወደ መነሻው ይመለሳል፤ ሰንበቴ ጠጪ ሆኖ እነሱን መርሳት ደግሞ ያሳፍራል። የኔታን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፣ ቁጥራቸውንም ከሳቸው ውሰዱ። ደበሎ አይቀቀልም፤ ያለው ደግሞ ያው አንድ ነው። ስለዚህ ደበሎው ተራ ቁጥር 4 ላይ እንደተባለው ላስቲክ ውስጥ ታስሮ እስኪቆይ የሚለብሱትን ብርድ ልብስ በበጀቱ ላይ ያዙ።

2. መጠን። ለአዋቂ በአንድ ቅብ 30 ግራም፣ ለልጅ እንደ ቁመቱ ግማሽ ገደማ። ቅቡ በሳምንቱ ይደገማል፤ ከመጀመሪያው የተረፈ እንቁላል ይፈለፈላላ! ከ200ው 120 አዋቂ፣ 80 ልጅ ቢሆኑ 320 ባለ 30 ግራም ቱቦ ይሆናል፤ 350 ግዙ። ተማሪዎቹ ለብቻ ይሰላሉ። ገንዘቡ ካልበቃ ቤት ቀንሱ እንጂ ሁለተኛውን ዙር አትንኩ።

3. አቀባብ። ማታ ከእራትና ከሥራ በኋላ፣ በደረቀ ገላ ላይ፣ ከአንገት በታች አንድም ቦታ ሳይዘለል። የሚዘነጉት የጣት መሀል፣ የእጅ አንጓ፣ እምብርት፣ መቀመጫ፣ ውስጥ እግርና ጥፍር ሥር ናቸው። ለሕፃናት ራስና ፊትም ይቀባል፤ ዓይንና አፍ ግን አይነካም። ከ8 እስከ 14 ሰዓት ገላ ላይ ይቆያል። እናት ሌሊት ተነስታ ሊጥ ከነካች፣ እጇን ከታጠበች፣ እጇ ላይ ያለው ሄደ ማለት ነው፤ እጇ እንደገና ይቀባ። የምታጠባ ጡቷን ሳትጠርግ አታጥባ። ጠበል የሚጠመቁም ቅባቱ ሰዓቱን ሞልቶ ከታጠቡ በኋላ ይጠመቁ፤ ይህን ከቄሱ አፍ ቢሰሙት ይቀላል።

ከ2 ወር በታች ያለ ሕፃን ፐርሜትሪን አይቀባም፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሰልፈር ይታዘዝለት። ለነፍሰ ጡር ፐርሜትሪን ይሆናል። ወረዳው በምትኩ የአይቨርሜክቲን እንክብል ቢሰጣችሁ ግን ነፍሰ ጡርና ከ15 ኪሎ በታች ያለ ልጅ አይውጡት።

4. የሱፍ ልብሶቹ፣ ባና እና ዝተት። ቀቅሉ ብላችሁ አታዙ፤ ሱፉ ይኮማተራል፣ እንጨቱስ ከየት ይመጣል? ወፍራም ላስቲክ ውስጥ አፉን ጥብቅ አድርጎ ማሰር ይበቃል። ማዳበሪያ ጆንያ አይሆንም፣ ያስተነፍሳል። ብዙ ጊዜ 3 ቀን ይባላል፤ በብርድና በእርጥበት ግን ተባዩ ከሰው ገላ ውጭ ረዘም ስለሚል ለመንዝ አንድ ሳምንት አድርጉት።

ማከኩ ከታከሙ በኋላም ከ2 እስከ 4 ሳምንት እንደሚቆይ በመጀመሪያው ምሽት ንገሯቸው። ካልነገራችሁ «መድኃኒቱ አልሠራም» ብለው በየቀኑ እየደጋገሙ ቆዳቸውን ያቃጥላሉ። መግል የያዘ ካያችሁ በቅባት አትለፉት፤ የቁስሉ ባክቴሪያ ኩላሊት ሊጎዳ ስለሚችል ጤና ጣቢያ ይላክ፣ በተለይ ልጅ ከሆነ።