የጀልባ ጅራት ያላቸው መኪኖች፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የኋላቸው እንደ ጀልባ የሚሾል የድሮ መኪኖች ቅርጻቸው በእርግጥ ለፍጥነት ይጠቅም ነበር ወይስ ለውበት ብቻ ነው?

መልስ፦ ሁለቱም አለበት፤ ሚዛኑ ግን ወደ ውበት ያደላል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፈረንሳዊው ቦዲ ሠሪ አንሪ ላቡርዴት በ1912 በፓናር ሌቫሶር መኪና ሻንሲ (የብረት አጽም) ላይ በእንጨት የተለበጠ የጀልባ ቅርጽ ሲያወጣ ትልቁ ትርፉ ቅለት ነበር። የነፋሱ ጉዳይ ይህ ነው፦ መኪናው አየሩን ሰንጥቆ ሲያልፍ ከኋላው የሚፈጠረው ክፍተት መልሶ ይስበዋል። ጎኖቹ ቀስ ብለው ከጠበቡ አየሩ ላሜራውን ተከትሎ ይወጣል፤ ከ15 ዲግሪ ገደማ በላይ ከታጠፉ ግን ይላቀቅና ጥቅሙ ይቀራል። በዚህ ስሌት ጅራቱ ከልክ በላይ ሊረዝም ነው። ጀርመናዊው ኢንጂነር ቩኒባልድ ካም በ1930ዎቹ መላ አገኘለት፤ ጅራቱን መሃል ላይ ቆርጦ መተው። አልፋ ሮሜዮም የ1966ቷን ስፓይደር ክብ ጅራት በ1970 ቆረጠው።

ለዓይን ከሆነ በ1935 የወጣችውን የዲዛይነሩን የጎርደን ቢዩሪግን ኦበርን 851 ስፒድስተር የሚያህል የለም። ፓራፋንጎዎቿ ከቦዲው ተነጥለው ስለቆሙ አየሩ ጅራቷ ጋ ሳይደርስ ይበጣበጣል። በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ያሻገራት ጅራቷ ሳይሆን ባለ 8 ሲሊንደር ሞተሯ ላይ የተገጠመው ሱፐርቻርጀር (አየር ወደ ሞተሩ በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) ነው።

ጥያቄ፦ የጀልባ ጅራት ያላት የ1971 ቢዊክ ሪቪዬራ አለችኝ። ዝናብ በዘነበ ቁጥር የኋላ ዕቃ መጫኛው ውሃ ይይዛል፤ ከመስታወቱ ሥርም ዝገት ጀምሯል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ የ1971ዱ ሞዴል ብቻ ያለውን ነገር ይመልከቱ፦ በኋላ ኮፈኑ ላይ ያሉትን የአየር መውጫ ቀዳዳዎች። በ1972 ከዚያ ተነሥተዋል። ቀጥሎ ምንጣፉን አውጥተው ውስጡን ያድርቁ፤ አንድ ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጥ። ውሃውን በቀስታ፣ ከታች ጀምረው ወደ ላይ ያፍስሱ፤ መጀመሪያ የኋላ መብራቶቹ ጎሚኒ፣ ከዚያ የኮፈኑ ጎሚኒ፣ በመጨረሻ መስታወቱ፣ እያንዳንዱ ጋ 5 ደቂቃ። ከላይ ከጀመሩ ውሃው ሁሉንም ስለሚያረጥብ ጥፋተኛው አይታወቅም።

ዝገቱ ግን ከሚታየው በላይ ነው። ከመስታወቱ ጠርዝ ያለው ኒኬል ሥር ውሃና አቧራ ይተኛል፤ ኒኬሉን የያዙት ክሊፖች የተተከሉበት ቦታ ቀድሞ ይበሳል። በስቱኮ መድፈን ከንቱ ነው፤ እርጥበቱ ከሥር ስለሚመጣ በጥቂት ወራት ያብጣል። መስታወቱን ማውጣት፣ የበላውን እስከ ጤነኛው ላሜራ ቆርጦ አዲስ መበየድ፣ ፀረ ዝገት መቀባት፣ ከዚያ በአዲስ ማጣበቂያ መመለስ ነው ያለው። ከመበየድዎ በፊት የመስታወቱን ቅርጽ በካርቶን ያንሡ። ይህ መስታወት ትልቅና በሁለት አቅጣጫ የጎበጠ ነው፤ ማረፊያው ትንሽ ከተጣመመ ሲገጠም ወይም በመጀመሪያው ጉድጓድ ይሰነጠቃል። ምትኩንም ማግኘት ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ እንዲህ ያለ ጅራት ከአንድ ወጥ ላሜራ ይወጣል?

መልስ፦ አይወጣም። ግራና ቀኙ ለየብቻ በእንጨት ቅርጽ ላይ እየተለካ ይወጠራል፤ መሃል ጀርባው ላይ ይገናኛል። በየ2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ነጥብ ነጥብ እያደረጉ ይያዝ፤ በአንድ ጊዜ ከተበየደ ሙቀቱ ያጣምመዋል። የጫፉ ዝቅተኛ ቦታ ላይ የውሃ መውረጃ ቀዳዳ መተው ግዴታ ነው።