አራት ጊዜ 20

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተለማማጅ ነርስ ዋርድ ውስጥ አስቆመችኝ። «ሲስተር፣ ማሽኑ የደም ግፊቱንም፣ የልብ ምቱንም፣ ኦክስጅኑንም ይነግረናል። ታዲያ ቆሞ ትንፋሽ መቁጠር ለምን ያስፈልጋል? ሁሉም ሰው እኮ በደቂቃ 20 ብሎ ነው የሚጽፈው» አለችኝ። ልጅቷ ክፋት የላትም። ያየችውን ነው የተናገረችው። እኔ ግን «ዝም ብለሽ ቁጠሪ» ብያት አለፍኩ። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። 20 የምትባለው ቁጥር ከ30 ዓመት በላይ አብራኝ ኖራለች።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ቀዶ ሕክምና ዋርድ የአዳር ተረኛ ነበርኩ። 28 አልጋ፣ ሁለት ነርስ። ጓደኛዬ ሌላ ክፍል ሰው አንሶ ተጠርታ ሄደችና ብቻዬን ቀረሁ። ይህን የምነግራችሁ ለማመካኘት አይደለም። ሌሊቱ ምን ይመስል እንደነበር እንድታውቁት ነው።

መስኮቱ አጠገብ ያለው አልጋ ላይ ዕድሜያቸው ወደ 60 የሚጠጋ ሰው ተኝተዋል። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሆዳቸው ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል። ጋሼ እያልኩ ነበር የምጠራቸው። ዝምተኛ ናቸው። ሕመሙን ከአሥር ስንት ይሰጡታል ስላቸው «ሦስት» ይሉኛል። ሦስት ካሉ ሦስት ነው ብዬ አልፋለሁ። ሰው ሕመሙን የሚደብቅበት ብዙ ምክንያት እንዳለው ያን ጊዜ አላውቅም።

በየሁለት ሰዓቱ ነበር የምለካቸው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ግፊታቸው 124 በ78፣ ምታቸው 88። በ6 ሰዓት 120 በ80፣ ምት 98። ትንፋሽ የሚጻፍበት ሣጥን ላይ ሁለቴም 20 ብዬ ጻፍኩ። አልቆጠርኩም። የዚያን ሌሊት ለ28ቱም ሰው 20 ነው የጻፍኩት። ሥራ ስጀምር ያገኘኋቸው የበሽተኛ መከታተያ ቻርቶች ላይ ሁሉ 20 ነበር። የቆጠረ ሰው አላየሁም፤ እኔም አልቆጠርኩም።

በ8 ሰዓት ስመለስ ጋሼ አልተኙም። ትራሱን ከፍ አድርገው ቀና ብለዋል። አንድ እጃቸው የአልጋውን ብረት ጨብጧል። «ልጄ፣ ደስ አላለኝም» አሉኝ። የት ጋ ነው የሚያምዎት አልኳቸው። «የሚያመኝስ የለም። ብቻ ደስ አላለኝም።» ግፊት 118 በ84። ምት 112። እጃቸውን ስይዘው ቀዝቅዟል። ቀና ስል መስኮቱ ገርበብ ብሏል። አሃ፣ ብርድ ነው አልኩ። መስኮቱን ዘጋሁ። ሁለተኛ ብርድ ልብስ አምጥቼ እስከ አንገታቸው ሸፈንኳቸው። «እግዚአብሔር ይስጥሽ» አሉኝ። ጥሩ ነርስ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። 20 ብዬ ጻፍኩ።

በ10 ሰዓት 112 በ88። ምት 124። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አሁን ተኙ፣ አልቀስቅሳቸው ብዬ በጣቴ ጫፍ እየሄድኩ ወጣሁ። አራተኛዋን 20 የጻፍኩት ኮሪደር ላይ ነው።

የዋርዱ ኃላፊ ሁልጊዜ ማለዳ ቀድማ ትገባለች። ሴትዮዋ ስትዞር መጀመሪያ ቻርት አታይም። አልጋው ግርጌ ቆማ ሰውየውን ታየዋለች። የአልጋ አንሶላ ጠርዙ ትክክል ካልታጠፈ ደግማ ታስነጥፈን ስለነበር ብዙዎቻችን አንወዳትም ነበር። አሁን ሳስበው፣ አንሶላ ስታስነጥፈን በሽተኛውን እንድንነካውና እንድናየው እያደረገችን ነበር። የዚያን ጠዋት ጋሼ ጋ ስትደርስ ቆመች። እኔ የደረብኩትን ብርድ ልብስ ገለጠችው። «እንዴት ነው የሚተነፍሱት?» አለች። ሰዓቷን አየች። አንድ ደቂቃ ሙሉ ማንም አልተናገረም። «34» አለች። ከአልጋው ሥር ያለውን የሽንት ከረጢት በእግሯ ወደ ብርሃን ሳብ አደረገችው። ታች ላይ ጥቂት የጠቆረ ሽንት ብቻ አለ። ግፊት ስንለካ 82 በ50።

ተሯሩጠን ኦፕራሲዮን ክፍል አስገባናቸው። ሆዳቸው ውስጥ ደም ሲፈስ ነው ያደረው። በሦስተኛው ቀን አረፉ።

ማንም አልወቀሰኝም። ቻርቱን ያየ ሁሉ «ግፊቱ እስከ 10 ሰዓት ደህና ነበር፣ ትንፋሹም 20 ነው፣ ድንገት ነው የወደቀው» አለ። እኔ ዝም አልኩ። ድንገት እንዳልነበረ፣ 20ዎቹን ከራሴ እንደጻፍኳቸው አልተናገርኩም። ሐኪሙን በ8 ሰዓት ብጠራው ይተርፉ ነበር ወይ የሚለውን ማንም ሊነግረኝ አይችልም። ዝምታዬ ግን የኔ ብቻ ነው። ከስህተቱ እኩል ያስጨንቀኛል።

አሁን ለጥያቄሽ መልስ ልስጥሽ፣ ልጄ። አዋቂ ሰው በአማካይ 5 ሊትር ያህል ደም አለው። ወደ ውስጥ መፍሰስ ሲጀምር ሰውነት ይታገላል። ልብ ይፈጥናል። የእጅና የእግር ደም ሥሮች ይጠብባሉ፤ ደሙ ለአንጎልና ለልብ እንዲተርፍ። ጣት የሚቀዘቅዘው ለዚህ ነው። ኩላሊት ውኃ ይቆጥባል። ትንፋሽ ይፈጥናል። በዚህ ትግል የተነሳ የላይኛው ግፊት፣ ከሁለቱ ቁጥሮች የፊተኛው፣ ብዙ ሳይወርድ ይቆያል። 30 በመቶ ገደማ፣ አንድ ሊትር ተኩል ያህል፣ እስኪፈስ ላይወድቅ ይችላል። የኔን ቁጥሮች ተመልሰሽ እያቸው። የታችኛው ግፊት 78፣ 80፣ 84፣ 88 እያለ ሲወጣ፣ ምቱ ሲጨምር፣ እጁ ሲቀዘቅዝ፣ ሁሉም አንድ ነገር እየተናገሩ ነበር። እያንዳንዱን ለብቻው ሳየው ደህና መሰለኝ።

ኦክስጅን መለኪያውም ቢሆን 97 በመቶ፣ ደህና ነው፣ ሊልሽ ይችላል። 97 ላይ የቆየው ግን ሰውየው በደቂቃ 30 ጊዜ እየተነፈሰ ሊሆን ይችላል። መሣሪያው ድካሙን አያሳይም። ጣት ሲቀዘቅዝ ደግሞ ንባቡ ራሱ ሊሳሳት ይችላል። ማሽን አትመኑ የምለው ለዚህ ነው። ይህን እያልኩ እኔው ራሴ መለኪያው ከጠፋ ዋርዱን የማተራምስ ሰው ነኝ። ስንቱን ሰው እንዳተረፈ አይቻለሁ። ይኑር። ሰውየውን ካያችሁ በኋላ ይሁን እንጂ።

አቆጣጠሩ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ትንፋሹ እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱን ይቀይራል። ስለዚህ የእጁን አንጓ ያዙ፤ ምት የምትቆጥሩ ምሰሉ። ዓይናችሁ ደረቱ ላይ ይሁን። ሙሉ 60 ሰከንድ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት አልወድም፤ አንዷን ስትስቱ አራት ሳታችሁ ማለት ነው። ለአዋቂ መደበኛው ከ12 እስከ 20 ነው። 20 የመደበኛው ጫፍ እንጂ መሃሉ አይደለም። 28 ሰው ሁሉ ጫፉ ላይ የሚተኛበት ዋርድ የለም። 25 ከደረሰ አትጠብቁ፣ ሐኪም ጥሩ። የሽንት ከረጢቱንም ጎንበስ ብላችሁ እዩት። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በሰዓት 35 ሚሊ ሊትር ያህል ካልወጣ የሆነ ነገር አለ። «ደስ አላለኝም» ያለ በሽተኛ ደግሞ ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ሁለተኛ ሰው ይየው።

እጅ ስለመታጠብ፣ መድኃኒት ከመስጠት በፊት ስም ስለማረጋገጥ አልነግራችሁም። ታውቁታላችሁ።

የዘመናዊ ነርስነት መሥራች የምትባለውን ፍሎረንስ ናይቲንጌልን ሁላችሁም ሌሊት በሽተኞችን በምትዞርበት መብራቷ ነው የምታውቋት። እኔ ይበልጥ የምወዳት በቆጠራዋ ነው። ከክራይሚያ ጦርነት ተመልሳ በ1858 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወታደሮቹን ሞት በየምክንያቱ ለይታ በሥዕል አሳየች። አብዛኞቹ በበሽታ እንጂ በቁስል እንዳልሞቱ የታየው ያኔ ነው። እሷም እንደኔ በግምት ሞልታው ቢሆን ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ።

የዛሬ ልጆች ተረኛ ስትረካከቡ እንኳ ዓይናችሁ ስልክ ላይ መሆኑ ያናድደኛል። በሽተኛው እያያችሁ ነው። ግን ደግሞ ትጠይቃላችሁ። እኛ አንጠይቅም ነበር። ያቺ ኃላፊ እኔን «ማን 20 ጻፊ አለሽ?» ብትለኝ፣ ወይም እኔ እሷን «ይህ ለምንድን ነው?» ብላት ኖሮ፣ የዚያ ሌሊት ነገር ሌላ ይሆን ነበር ይሆናል። ስልካችሁም ቢሆን ሰከንድ ይቆጥራል፤ ለዚያ አውጡት።

የጠየቅሽኝ ልጅ፣ ይህን ካነበብሽ፣ ስላለፈው ሳምንቱ መልሴ ይቅርታ። ሰኞ ጠዋት ዙር ከመጀመሩ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለሽ ነይ። መስኮቱ አጠገብ ካለው አልጋ ጀምረን አብረን እንቆጥራለን።